የሁዳዴ ማፊን

ፍራፍሬ ነጋዴ ነኝ። አንድ እጅ ሙዝ ጨበጥ አድርጌ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ አዲስ አበባ ሲራገፍ ምን መልክ እንደሚኖረው እናገራለሁ። ጣዕሙን ግን አትጠይቁኝ። የሚሸጥ ሙዝ ጥሬ ነው፤ የበሰለ ሙዝ ኪሳራ ነው። ለዚህ ነው በዚያ ሁዳዴ ባለቤቴ መብላት ስታቆም፣ ዲላ መሀል፣ በራሴ መደብር ውስጥ ቆሜ የሚበላ ነገር ያጣሁት።

ሐኪሙ "ትብላ" ብሎ ነው ወደ ቤት የመለሳት። "ከበላች አቅም ታገኛለች፤ አቅም ካገኘች መድኃኒቱን እንቀጥላለን።" ካልበላችስ አላልኩትም። አንዳንድ ዋጋ ሳይጠየቅ ይታወቃል።

አጥሚቱን ቀመስ አድርጋ ተወችው። ሾርባው ሸተታት። አንድ ቀን ግን፣ "ያቺ ክርስትና ቤት የበላናት ትንሽ ኬክ፣ ፍሬ ያለባት... እሷ አትከብደኝም ነበር" አለች። ወርቅ ተገኘ ቢሉኝ እንደዚያ አልሮጥም።

ኮሌጅ የምትማረው የእህቷ ልጅ ስልኳን ከፍታ አሠራሩን ታነብልኝ ጀመር።

"ጋሼ፣ ማፊን ነው የሚባለው። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ብሉቤሪ..."

"የመጨረሻው ምንድን ነው?"

"ፍሬ ነው፣ የፈረንጅ።"

"አናናስ ምን አድርጓቸው ነው?"

ሳቀች። "እሺ ፍሬው ይቀየር። እንቁላሉንስ? አክስቴ እኮ እየጾመች ነው።"

እውነቷን ነው። የነፍስ አባቷ እቤታችን ድረስ መጥተው፣ "ልጄ፣ ለታመመ ሰው ተፈቅዷል" ብለዋት ነበር። "አባቴ፣ መሥራት የምችለው የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው፤ አይውሰዱብኝ" አለቻቸው። እሳቸውም መስቀል አሳልመዋት ወጡ።

በእንቁላሉ ፋንታ ሙዝ፣ በቅቤው ፋንታ አቮካዶ፣ በወተቱ ፋንታ ውሃ ይሁን ተባለ። ከመደብሬ ምርጡን ሙዝ ይዤ መጣሁ። ልደፈጥጠው ብል እንደ ጥሬ ድንች እምቢ አለ። ለማፊኑ መጠቅለያ ኮባ ይዘው የመጡ የጌዴኦ ጎረቤታችን በር ላይ ቆመው አዩኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ሙዝ ለመኪና ነው፣ ለሰው አይደለም።"

ተመልሼ ለበግ የምጥለውን፣ ጠቁሮ የተልፈሰፈሰውን ለቅሜ አመጣሁ። እሳቸው ኮባውን እሳት አሳይተው ለመጋገሪያ ባጠብኳቸው ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮዎች ውስጥ አነጠፉልኝ። መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ብረት ድስት፣ ከታች ፍም፣ ክዳኑ ላይ ፍም። ሊጡን ሳማስል አንዲት እንቁላል አንስቼ ቆሜ ነበር። ማን ያየኛል? ጉልበት ትሆናት ነበር። ግን የቀራትን አንድ ነገር እኔው ልሰርቃት ነው። ቦታዋ መለስኳት።

"እንቁላል አለበት?" አለች ባለቤቴ፣ ትራስ ደግፌ ሳስቀምጣት።

"የለበትም።"

"እስቲ ማል።"

"ነጋዴ ቢምል ማን ያምነዋል?"

ፈገግ አለች። ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች። አኘከች፣ አኘከች። ሚዛን እስኪረጋ እንደምጠብቅ ጉሮሮዋን አየሁ። አልወረደም። መዳፌን ዘረጋሁላት፤ ተፋችው።

"ጣፍጦኛል እኮ። አልወርድ አለኝ እንጂ።"

"ግድ የለም።"

"አንተ ብላው፤ ልይህ።"

በላሁ።

"እንዴት ነው?"

የራሴን ዕቃ ነቅፌ አላውቅም። "ላዩ አሯል፣ መሀሉ ሊጥ ነው" አልኳት።

"የክዳኑን ፍም ቀንስ። አናናሱንም ጨምቀው፤ ውሃው ነው ያበላሸው። ይሄን ያህል ዓመት አናናስ ስትሸጥ ውሃ እንዳለው አታውቅም?"

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ጋገርኩ። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ታሸተዋለች፣ በጣቷ ጫን ታደርገዋለች፣ በምላሷ ነካ ታደርግና ለእኔ ትሰጠኛለች። "ዛሬ ሶዳው በዝቷል።" "ዛሬ ቸኩለሃል።" ቤት ሊጠይቃት የሚመጣው ሰው በር ላይ ሲሰናበተኝ፣ "አይዞህ፣ አንተ ደህና ነህ፤ እንዲያውም ወፍረሃል" ይለኛል። እኔ ወፈርኩ፤ እሷ አለቀች።

ጾሙ ሳይፈታ፣ አንድ ጠዋት፣ ድስቱ እሳት ላይ እያለ የእህቷ ልጅ ከጓዳ ጠራችኝ። "ጋሼ" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ድስቱን ማን እንዳወረደው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ድንኳን ተተክሎ እድርተኛው ሲሞላ ከሴቶቹ አንዷ ማፊኑን በሳህን ይዛ ዞረች። ላዩ ቀላ ብሎ፣ መሀሉ ሳይደርቅ በስሎ፣ ልክ ሆኖ ወጥቷል። እኔ አልቀመስኩም። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ አንዱን በሉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ይሄን ከየትኛው ኬክ ቤት ነው ያመጣችሁት?"

"እቤት ነው የተሠራው።"

"እሷ ናት የሠራችው?"

"አዎ" አልኩ፤ ሳህኑንም ወደ እሳቸው ገፋ አደረግኩት።