የድሮዎቹ ወርዋሪዎች ይፈጥኑ ነበር ወይ?

ገዳሪፍ ከተማ ዳር ባለ የሰሊጥ ማበጠሪያ ውስጥ አስተርጓሚ ነበርሁ። ሥራዬ ሳሉጎቹ፣ ማለት ከመተማና ከቋራ ለወቅት ሥራ የሚመጡት ሰዎች፣ የሚሉትን ለሱዳኖቹ፣ ሱዳኖቹ የሚሉትን ደግሞ ለሳሉጎቹ መንገር ነው። ስድብ ሲሆን አሳጥረው ነበር። ማሽኑን የሚጠግኑት ግን ሁለት ህንዶች ናቸው፤ አንድ ሽማግሌና የወንድማቸው ልጅ።

ሽማግሌው ሱዳን ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው። አገጫቸው ወደ ግራ ዘመም ስላለ ሲያኝኩ የሚስቁ ይመስላሉ፤ ግን አይስቁም። ወጣቱ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። አንድ ክፍል ያድራሉ፣ ከአንድ ድስት ይበላሉ፣ አይነጋገሩም። ወጣቱ መፍቻ ሲፈልግ እንኳ አጎቱን አይጠይቅም፤ እኔን ይልካል። አፍ የሚከፍቱት ስለ ክሪኬት ብቻ ነው፤ ያውም ለጭቅጭቅ።

ክሪኬት፣ እኔ እንደገባኝ፣ አንዱ እየሮጠ ይመጣና እንደ ድንጋይ የጠነከረች የቆዳ ኳስ መሬት አንጥሮ ይወረውራል፤ ሌላው ሦስት እንጨቶች ፊት ቆሞ በጠፍጣፋ ዱላ ይመልሳል። ጭቅጭቃቸው የድሮዎቹ ወርዋሪዎች ይፈጥናሉ ወይስ የዛሬዎቹ የሚል ነው። ሽማግሌው በዐረብኛ፣ ወጣቱ በእንግሊዝኛ እያስረዱኝ ዳኛ አደረጉኝ።

«ዛሬ መለኪያ አለ» ይላል ወጣቱ። «ኳሷ ከእጅ ስትወጣ ፍጥነቷ ይነገራል። የድሮዎቹን ማን ለካቸው?»

«ከእጅ ስትወጣ ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ ሽማግሌው። «እኔን የምታመኝ እኔ ጋ ስትደርስ ነው።»

ወጣቱ በስልኩ ያረጀ ፊልም ያሳየኛል። «እየው እስቲ፣ ይሄ ሮጠ ይባላል? ገበያ የሚወርድ ነው የሚመስለው።»

«የዘገየው ካሜራው ነው። ደግሞ በእኛ ጊዜ የራስ ቁር አልነበረም።»

«እንግዲያው ስለፈራችሁ ነው የፈጠነባችሁ።»

ይሄኔ ሽማግሌው አገጫቸውን ወደ እኔ ያቀርባሉ። በወጣትነታቸው አንድ ወርዋሪ በኳስ የሰበረው ነው። «መለኪያዬ ይሄ ነው» ይላሉ።

«አገጭ ኪሎሜትር አይቆጥርም» ይላል ወጣቱ።

አንድ ቀን ሰለቸኝና «ሁለቱም ይፈጥናሉ» ብዬ ፈረድሁ። ያን ቀን ሁለቱም አኮረፉኝ። ተስማምተው ያደረጉት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር።

ከዚያ የማሽኑ ሞተር ተቃጠለ። መለዋወጫው ከፖርት ሱዳን እስኪመጣ ሥራ ስለቆመ ጭቅጭቁ ሙሉ ቀን ሆነ። ጆንያ ከሚሸከሙት ሳሉጎች መሀል አንድ የቋራ ሰው ነበር። ቁመቱ በር አያስገባውም፤ ማሽላ ማሳ ውስጥ ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍ ሲጠብቅ ያደገ ነው። ጩኸቱ እንቅልፍ ነሥቶት መጣ።

«ምንድን ነው እሚያጣላቸው?» አለኝ።

ነገርሁት።

«በወንጭፍ ነው እሚወረውሩ?»

«በእጅ ነው።»

«ታዲያ በእጅ ምን አለው?» ብሎ ወጣቱ ሲጨቃጨቅ የሚያገላብጣትን ኳስ ከመዳፉ አነሣና ወደ ግቢው አጥር ለቀቃት። የአጥሩን ቆርቆሮ በሳችው።

ወጣቱ ፍጥነት የሚለካ ፕሮግራም ስልኩ ላይ ነበረው። ስልኩን ጆንያ ላይ አቁሞ እንደገና አስወረወረው። ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ወዲያው ግን «አይቆጠርም» አለ። «ክርኑን አጥፏል። በክሪኬት ክንድ አይታጠፍም።»

«እውነቱን ነው፤ አይቆጠርም» አሉ ሽማግሌው።

ለሳሉጉ ተረጎምሁለት። «ወፏ ክርኔን አይታ ነው እንዴ እምትሞተው?» አለ።

ቢሆንም ሥራ ስላልነበረ ተማረ። ሽማግሌው ራሳቸው ክንዱን ይዘው ወፍጮ እንደሚያዞር ሰው ያዞሩት ነበር። መለዋወጫው ሊደርስ ሲል የሳሉጉ ክንድ ቀና፤ ወጣቱም ከጣውላ የጠረበውን ዱላ ይዞ፣ ሰሊጥ በሚሰጣበት ሲሚንቶ ላይ ካቆማቸው ሦስት እንጨቶች ፊት ቆመ። የራስ ቁር የለ፣ የደረት መከላከያ የለ። «እንደ ድሮው እንሞክረው» አለ፤ አጎቱን ሊያበሽቅ ነው።

ሳሉጉ የወረወራቸውን የመጀመሪያዎቹን ኳሶች አላያቸውም። ቀጥላ የመጣችው ሲሚንቶው ላይ አርፋ ተነሣችና ከአንገቱ ሥር ያለውን አጥንት አገኘችው። ድምፁን ሁላችንም ሰማን። ወጣቱ ወደቀ።

ሳሉጉ ሽርጡን አጥብቆ አሰረ። «በቃ ሰው ገደልሁ። በዶካ አድርጎ ወደ ድንበር እሚሄድ ሎሪ ከየት ነው እሚነሣ?»

«አልሞተም፣ እያወራ ነው።»

«ምን ይላል?»

«ስንት ኪሎሜትር ነው እያለ ነው።»

«እብድ ነው እንጂ!»

ስልኩን አየሁት። እንደገና ሞክሩ ይላል።

ሽማግሌው ግን ስልኩንም እኛንም አላዩም። ተንበርክከው የልጁን ራስ እቅፋቸው ውስጥ ከተው በቋንቋቸው ያለማቋረጥ ያወራሉ፤ እንባቸው በጠማማው አገጭ በኩል ይወርዳል። ሳሉጉ ልጁን እንደ ጆንያ ሳይሆን እንደ ሕፃን አንሥቶ ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ላይ አስቀመጠውና ሐኪም ቤት ሄድን።

እዚያ ምን እንደተባባሉ ወጣቱ ኋላ አጫወተኝ። አባቱ ሲሞት አጎቱ ለቀብሩ አልመጡም። ሥራ አገኘሁልህ ብለው ወደ ሱዳን ሲጠሩት ሥራውን ተቀበለ፤ ሰላምታቸውን አልተቀበለም። ሐኪሙ አጥንቱን አስሮለት ሲወጣ፣ ሕመሙን ሊረሳ ብሎ፣ «ለመሆኑ ያንተን አገጭ የሰበረው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አባትህ።»

ወጣቱ አባቱን የሚያውቀው ጉልበቱን የሚያመው፣ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ሆኖ ነው። ኳስ ሲነካ አይቶት አያውቅም።

«ሰፈሩን ሁሉ ያስፈራ ነበር» አሉት ሽማግሌው። «አገጬን የሰበረ ቀን ከእኔ በላይ እሱ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ በፍጥነት ወርውሮ አያውቅም፤ እኔም ለማንም አልተናገርሁበትም።»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

«ቲኬት ቆርጬ ካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ደረስሁ። በሩ ላይ ቆሜ ተመለስሁ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቀውም።»

ወጣቱ ይቅር አልሁህ አላለም። ግራ እጁ ብቻ ይታዘዝለት ስለነበር ሽማግሌው ምስሩን በማንኪያ ሲያጎርሱት አፉን ከፈተ።

እርቅ ሲወርድ ጭቅጭቁ ይቆማል ብዬ ነበር። አልቆመም። አሁን የድሮዎቹ ይፈጥናሉ የሚለው ወጣቱ ሆነ። አባቱ ከየት ጀምሮ ይሮጥ እንደነበር፣ ኳሷን እንዴት ይይዝ እንደነበር እየጠየቀ፣ የሰማውን ለእኔ ያስረዳኛል። ሽማግሌው ደግሞ ነገር እንዳይጋነን ብለው «የዛሬዎቹ እኮ ምግባቸው የተሻለ ነው» ማለት ጀመሩ። ዳኝነቱን ተውሁት።

ሳሉጉ በጋው ሳያልቅ በገላባት ድንበሩን ተሻግሮ ወደ አገሩ ገባ። ከዚያ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ገዳሪፍ በተፈናቃይ ሞላች፤ የውጭ አገር ሰዎች በመርከብ ለመውጣት ወደ ፖርት ሱዳን እንዲሰበሰቡ ተነገራቸው። ህንዶቹን ልሸኝ አውቶቡስ ተራ ሄድሁ። ወጣቱ የአጎቱን ሻንጣ አንሥቶ ነበር፤ አጎትየው «ትከሻህ!» እያሉ ይነጥቁታል፣ እሱ «ወገብህ!» እያለ መልሶ ይነጥቃቸዋል። ረዳቱ ሰለቸውና ሻንጣውን ከሁለቱም ቀምቶ ጣራ ላይ ወረወረው። አውቶቡሱ ዘግይቶ ተነሣ።