የመስኮብ ሸክላ በቅሬው ፊት

ወንድሜ ከቅሬ ሊወጣ መሆኑን የሰማሁት ሙጃ ከተማ ልጄ ዘንድ ከርሜ ስመለስ፣ ገና ከመኪና ሳልወርድ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው የሰፈራችን ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እማማ፣ አልሰሙም እንዴ? እሑድ ቅሬው ሊቀመጥባቸው ነው። ቤት ዘግተው ዛር ያስጓራሉ ተብሏል» አለችኝ።

«ማን?»

«አያ ሐኪም ናቸዋ። የርስዎ ወንድም።»

ከዚያ በኋላ መንገዱን አላየሁትም። ላሊበላ እንደደረስን በባጃጅ ወደ እሱ ገሠገሥኩ።

ከቅሬ የወጣ ሰው ምን እንደሚሆን ለእኛ አገር ሰው አይነገርም፤ ቅሬ እድር መሆኑን ለማያውቀው ግን ልንገር። ሲሞት ጥሩምባ አይነፋለትም። ጉድጓድ የሚቆፍርለት፣ ድንኳን የሚተክልለት፣ ቃሬዛውን ከትከሻ ትከሻ የሚቀባበልለት የለም። ወንድሜ ሚስትም ልጅም የለው። ደረቱ ከታመመ ወዲህ አጭሯን ዳገት እንኳ እየቆመ ነው የሚወጣት። ያለሁት እኔ ነኝ፤ እኔም አንዱ ልጄ ጋ ስሰነብት፣ አንዱን ገዳም ስሳለም የምኖር ዘዋሪ አሮጊት ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። እንዲህ ያለውን ወንድም ብቻዬን አፈር እንዴት አለብሰዋለሁ እያልኩ ቤቱ ደረስኩ።

ነገሩ የመጣው ከሙዚቃ ሸክላዎቹ ነው። ወንድሜ በደርግ ጊዜ የከብት ሕክምና ሊማር ራሽያ ተልኮ ነበር፤ የድሮ ሰዎች መስኮብ የሚሉት አገር። ሌላው ተማሪ ካፖርትና ሬዲዮ ይዞ ሲመለስ፣ እሱ አንድ ሳጥን ሸክላ ከነማጫወቻው ይዞ መጣ። ዘፈን እንዳይመስላችሁ፤ ቃል የለበትም። አብዮታቸው ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው፣ የአባቶቻችን ዜማ አልበቃንም ያሉ ወጣቶች የደረሱት ነው ይለኛል። ትንንሾች አሉ፣ ትልልቆች አሉ። በትንንሾቹ አራት ሰዎች ቫዮሊንና መሰሉን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ርስት እንደሚካፈሉ ወንድማማቾች አንዱ ሳይጨርስ አንዱ ይጀምራል፣ መልሰው ይታረቃሉ፣ መልሰው ይኳረፋሉ። ትልልቆቹን ግን ኦርኬስትራ ነው የሚጫወታቸው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ይነሣል።

ከትልልቆቹ አንዱን አብልጦ ይወደዋል። አንድ ወፍራም ዋሽንት ብቻውን ሲያንጎራጉር ይጀምርና፣ በኋላ ከበሮውና መለከቱ ተደራርቦ ጣራ ሊነቅል ይደርሳል። በዚያ አገር ክረምቱ ሲወጣ ወንዝ ላይ የተጋገረው በረዶ እንዲህ ነው የሚሰነጠቀው ብሎኛል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን፣ «በእመቤቴ፣ ዝጋልኝ» ብዬ ወጥቼ አጥር ሥር ተቀመጥኩ። እሱ ግን አልተቀየመኝም። «ደብተራ ዜማ በአንድ ቀን አይገባውም፤ አንቺም ደጋግመሽ ስሚው» አለኝ። ደጋገምኩት። እዚያ ቤት ባረፍኩ ቁጥር ስሰማው፣ ምኑ ከምኑ እንደሚከተል እንደ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ለመድኩት። እወደዋለሁ አልልም፤ አልፈራውም ግን።

እንግዲህ እኛ ዘንድ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይወጣል። ሸክላ ደግሞ አቧራ ጠላቱ ነው። ወንድሜ ሲያጫውት በሩንም መስኮቱንም ይዘጋል። አስቡት፤ የተዘጋ ቤት፣ ብቻውን የሚኖር ሰው፣ ከውስጥ ከበሮና ጩኸት። መብራት በመሐል የሄደ ቀንማ ሸክላው እየተልፈሰፈሰ፣ ድምፁ እየወፈረ፣ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ በሬ ያጓራል። በውጭ የሚያልፍ ሰው ምን ይበል?

ስገባ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምን ሠራህ፣ ወንድምዓለም?»

«ሙዚቃ ሰማሁ።»

«ዛር ያስጓራል ይሉሃል እኮ!»

«ላሞቻቸውን ሳዋልድ እጄ እስከ ክንዴ ሲገባ ዛር አለው ያለኝ የለም። አሁን አርጅቼ ነው ዛር የሰፈረብኝ?»

«እንደዚህ እንዳትላቸው። ትንሹን አሰማቸው፣ የአራቱን። እሱ ማንንም አያስደነግጥም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «የከሰሱኝ በትልቁ ነው። ትንሹን አሰምቼ ይኸው ይህ ነው ብላቸው ያ ውሸት ነው።»

«ውሸት ሳይሆን ዘዴ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዘዴ ያወቅሽው?» ብሎ ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው። ከዚያ በላይ አልተከራከርኩትም። ግትርነቱን ከልጅነታችን አውቀዋለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። የቅሬው ዳኛ መጡ፤ እርሻ ያጎበጣቸው፣ ጥቂት ተናጋሪ ሰው ናቸው። የወንድሜ የነፍስ አባት መስቀላቸውንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዘው መጡ። የቅሬው ሰዎች ግማሾቹ ቤት ገቡ፣ የቀሩት በሩ ላይ ተደራረቡ። ከሳሿ ጎረቤታችን፣ አጥር የምትጋራን ሴት፣ ምሰሶውን ተደግፋ ቆመች።

«ተናገሪ» አሏት ዳኛው።

«ምን እናገራለሁ፣ ሁሉም ያውቃል። ልጄ ትወድቃለች። ይህ ቤት ባጓራ ቁጥር ትወድቃለች። የያዛት ከዚህ የወጣ ነው።»

ልጅቷን ሁላችንም እናውቃታለን፤ ለአቅመ ሔዋን ልትደርስ የተቃረበች ዝምተኛ ናት።

ወንድሜ ስለ ራሽያ፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ኦርኬስትራው ማስረዳት ጀመረ። ባስረዳ ቁጥር የሰዉ ፊት ይጠቁራል። አንዱ ከኋላ፣ «የመስኮብ ዛር አማርኛ ይሰማል?» አለና ሳቅ ሆነ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

የነፍስ አባቱ እጃቸውን አነሡ። «ነገር አናብዛ። ጸበል ይረጭበት። ከዚያ ይከፈት። ርኩስ መንፈስ ካለበት ጸበል ሲነካው ይጮኻል።»

ያ ሸክላ ጸበል ቢነካውም ባይነካውም ይጮኻል!

ወንድሜ ይባስ ብሎ፣ «ኧረ አባ፣ ውሃ አያስነኩብኝ!» ብሎ ሸክላውን ወደ ደረቱ ሸሸገ። የፈራው ጸበሉ ውስጥ ያለውን አፈር ነው፤ በሸክላው መስመር ከገባ መርፌው ያኝከዋል። ሰዉ ግን እንዲያ አልሰማውም።

«አያችሁ! ጸበል ፈራ!»

«ፈራ! በመድኃኔ ዓለም!»

በሩ ላይ ያሉት ወደ ውስጥ ገፉ። አንዱ ዱላውን አጠበቀ። ተነሥቼ በመሐል ገባሁ፤ ምን እንደምል እንኳ አላሰብኩም። «አባቴ፣ ይርጩት። እኔ በነጠላዬ አደርቀዋለሁ» አልኩና ሸክላውን ከወንድሜ እጅ ወሰድኩ። አልለቅም ብሎ ትንሽ ያዘው። ዓይን ለዓይን ተያየን። ለቀቀልኝ። አባ በስመ አብ ብለው ረጩት፤ ውሃው ጥቁሩ ላይ እንክብል እንክብል እያለ ወረደ። በነጠላዬ ጫፍ፣ እሱ እንዳሳየኝ ክቡን ተከትዬ ቀስ ብዬ አደረቅሁና መለስኩለት። ማጫወቻው ላይ አስቀምጦ መርፌውን አሳረፈ።

እኔ ማጫወቻው ሥር ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እሳት ላይ እንደወደቀ ጨው መንጣጣት ብቻ ነው። ቀጥሎ አንድ ሰው ሳለ። ሙዚቃው ሲቀዳ አዳራሹ ውስጥ የነበረ አድማጭ ነው፤ የኛ ሰዎች ግን ማን ሳለ እያሉ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ወፍራሙ ዋሽንት ብቻውን መጣ። ጸጥ አሉ። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። እኔ ግን የሚመጣውን አውቃለሁ። ዋሽንቱ ይደክማል፣ የቫዮሊኖቹ ክሮች ከሥር እንደ ንብ ይነሣሉ፣ ከዚያ ለትንፋሽ ያህል ዝም ይላል፣ ከዚያ...። ጌታዬ፣ መብራቱን አትውሰድብን እላለሁ በሆዴ። አሁን መብራት ሄዶ በሬው ቢያጓራ ወንድሜ አለቀለት። አባ መስቀላቸውን አጥብቀው ይዘዋል። ዋሽንቱ ደከመ። ንቡ ተነሣ። ዝም ሲል አላስቻለኝም።

«አባቶቼ፣ አሁን ይጮኻል፤ አትደንግጡ!»

ጮኸ። ከበሮው ቤቱን መታው። ሁለት ሰዎች ዘለው ቆሙ፣ አንዱ ወደ ውጭ ወጣ፣ አባ «በስመ ሥላሴ!» ብለው መስቀሉን ዘረጉ። ጎረቤታችን ፊቷን ሸፈነች።

ዳኛው ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ማጫወቻውን ትተው እኔን ያያሉ። «ዝጋው» አሉ። ወንድሜ መርፌውን አነሣ።

«እቴ፣ እንደሚጮኽ በምን አወቅሽ?»

«እዚያ ላይ ነዋ የሚጮኸው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። እንግዳ እንዳይደነግጥ ብዬ እኮ ነው።»

ወደ ወንድሜ ዞሩ። «አያ ሐኪም፣ ድገመው።»

ደገመው። ጨው ተንጣጣ። ሰውዬው ሳለ፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው አሳሳል። በር ላይ ያለ ጎልማሳ፣ «ኧረ ይህ ሰውዬ አልተሻለውም!» ሲል የተቀመጠው ሁሉ ፈነዳ፤ አባ እንኳ ከንፈራቸውን ነከሱ። ዋሽንቱ መጣ፣ ደከመ፣ ንቡ ተነሣ። ዝም ሲል ሰዉ ሁሉ እኔን አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ጮኸ።

«አባ» አሉ ዳኛው፣ «እርስዎ ባለዛር ሲያጠምቁ ኖረዋል። ሁለት ጊዜ ልክ አንድ ዓይነት የጮኸ ገጥሞዎት ያውቃል?»

አባ ጠርሙሱን ከደኑ፣ መልሰው ከፈቱ። «አልገጠመኝም» አሉ በመጨረሻ። «ርኩስ መንፈስ ቃሉን ይለዋውጣል። ዛሬ የንጉሥ ልጅ ነኝ ያለ ነገ የባሕር ሰው ነኝ ይላል።»

«እንግዲያ ይህ የሰው ሥራ ነው። አያ ሐኪም ከቅሬው አይወጣም።»

ሰዉ መነሣት ጀመረ። እኔ አምላኬን ላመሰግን ገና አፌን ስከፍት ጎረቤታችን ካለችበት ሳትነቃነቅ ተናገረች።

«እሺ። ዛር አይደለም። ልጄስ ለምን ትወድቃለች?»

የተነሡት ቆመው ቀሩ።

ወንድሜ ወደ እሷ ዞረ። «ስትወድቅ ምን ትሆናለች?» አላት፤ የታመመች ላም ይዞ የመጣ ሰው ሲጠይቅ በነበረበት ድምፅ።

«አልጋ ሥር ትገባለች። ጆሮዋን ትይዛለች። ሳወጣት ትንቀጠቀጣለች።»

«መቼ ጀመራት?»

«በጦርነቱ። ከባዱ መሣሪያ ከጋራው ላይ ሲተኮስ የሰነበተ ጊዜ። ትቶላት ነበር እኮ፤ መብራት ተመልሶ እርስዎ ይህን እንደገና መክፈት ሲጀምሩ ነው የተመለሰባት።»

ወንድሜ ሸክላውን አየው። እንደገና እሷን አየ። ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ ኩራት ከፊቱ ሲወርድ አየሁ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «እኔ በረዶ ነው የምሰማው» አለ ቀስ ብሎ። «እሷ ምን እንደምትሰማ ማንም አልነገረኝም።»

«ማን ደፍሮ ይንገርዎ? በር ዘግተው!»

«ልክ ነሽ።»

ዳኛው፣ «ልጅቱ እቤት ካለች ትልቁ አይከፈትም፤ የቅሬው ቃል ነው» አሉ። ወንድሜ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከር እሺ አለ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ገበያ ስትወርድ እናቷ በአጥር በኩል፣ «አያ ሐኪም፣ ወርዳለች!» ትላለች። እሱም አንዳንዴ ይከፍታል፣ አንዳንዴ ሰምቶ ዝም ይላል። እኔ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ደርሼ ተመልሼ፣ ለጥቂት ጊዜ እሱ ጋ አርፌ ሳለ ነው እንግዲህ፣ ወርዳለች ተብሎ ትልቁን እንደከፈትን፣ ዋሽንቱ ሊደክም ሲል ልጅቷ የተዋስነውን ወንፊት ልትወስድ በሩን ከፍታ ብቅ ያለችው። ከመንገድ ተመልሳለች፤ እናቷም አላየቻት። ወንድሜ ከአግዳሚው ሲነሣ ሁልጊዜ እጄን እዘረጋለታለሁ። ያን ቀን ግን እጄን ሳይጠብቅ ዘሎ መርፌውን መነጨቀው፤ ሸክላው ጭርር አለ፤ ጭረቱ ዛሬም አለበት።

ልጅቷ ጆሮዋን ልትይዝ እጇን ከፍ አድርጋ ቆማለች።

«ጨረሰ?» አለች።

«ጨረሰ» አላት እያለከለከ።

ወንፊቱን አነሣች። አልሄደችም። «የሚጮኸው ምን ያህል ይቆያል?»

«እዚህ ላይ አጭር ነው። በኋላ ረጅም አለው።»

«ድምፁን ማሳነስ ይቻላል?»

ቁልፉን አሳያት። እንድትነካው እጇን ወስዶ አስያዛት። «እንኪ፣ አንቺ ያዢው። በቃ ስትይ ታዞሪዋለሽ፤ እኔ አልነካም።»

ወንፊቱን እቅፏ ውስጥ አድርጋ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ሌላው እጇ ቁልፉ ላይ። እናቷን ልጥራ አልጥራ ብዬ ተጨነቅሁ፤ ግን አልተነሣሁም። መርፌውን ከመጀመሪያው አሳረፈው። ክሮቹ ከሥር ሲነሡ ቁልፉን አዙራ ዘጋችው፤ ምንም አይሰማም፤ ሸክላው በዝምታ ይዞራል። ወንድሜ እንደ ቃሉ አልነካም። ዓይኗን ጨፍና ቆየች፣ ቆየች። ከዚያ ጣቷ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ መልሶ ከፈተው።