ቅሪ ያላለው ቢያዝን

ወላዋይ ማለት ክፉ ሰው ማለት አይደለም። ክፉ ሰውማ ቁርጡ ይታወቃል፤ ትሸሸዋለህ። ወላዋይ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው የማይችል፣ እንደ ውሃ ላይ ኩበት ወዲያና ወዲህ የሚል ነው። የአክስቴን ልጅ ቢያዝንን የቢቸና ሰው ወላዋይ ሲለው እናደዳለሁ፤ ግን አልተሳሳቱም።

ቢያዝን ያለው አንድ በሬ ነበር። ጎረቤቱ ፈንታነሽም ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት አንድ በሬ ነው። ስለዚህ እንዳገራችን ልማድ ሁለቱን አቀናጅተው፣ የራሱንም የእርሷንም ማሳ እርሱ ያርስ ነበር። እንደሚወዳት ከእርሱ በቀር ያልተናገረ የለም። ሽማግሌ ላክ ስንለው "እስቲ መስቀል ይለፍ" ይላል፤ መስቀል ሲያልፍ ደግሞ ፋሲካ ይላል።

ያን ክረምት የራሱን ጤፍ ዘርቶ የእርሷ ሲቀር ጓዴ የሚባል የሰፈራችን ገበሬ መጣ። ከበሬዎቹ አንዱ እግሩን ተሰብሮበታል።

"ለአንድ ቀን ብቻ በሬህን አውሰኝ።"

"እሺ አያ ጓዴ።"

አንዱ ቀን ሳምንት አለፈው። ቢያዝን መልስልኝ ማለት አፈረ። ፈንታነሽ ስትጠይቀው "ነገ" ይላል፣ ጓዴ ሲለምነው "እሺ" ይላል። የእርሷ በሬ ብቻውን ታስሮ ሲያመነዥክ የዘር ጊዜው አለፈ፤ ጓዴ በሬውን ሲመልስ ማሳዋን አረም ውጦት ነበር።

ሰው አጨዳ ሲገባ እርሷ ጓዟን ጠቀለለች። ሞጣ ያለች ራዲያ የምትባል ነጋዴ ሱቋ ውስጥ እንድትሠራላት ጠርታት ነበር። በሬዋን ሽጪው ብላት እንቢ ብላ ለቢያዝን ተወችለት።

"ተላምደዋል፤ አይለያዩ" አለች።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ረዳቱ "ሞጣ! ሞጣ!" ይላል። አንድ እግሯን አውቶቡሱ ላይ እንዳሳረፈች ዞረች።

"ቢያዝን፣ ጤፉ ይቅር፣ ረስቼዋለሁ። ቅሪ ካልኸኝ እቀራለሁ።"

በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። ምነው አፉን በከፈትሁለት!

"እንግዲህ... አንቺ እንደ ወደድሽ" አለ።

ተሳፈረች። በዓመቱ እዚያው ሞጣ ባል አገባች።

ዛሬ ቢያዝን ባለ ጥማድ ነው፤ የማንንም ደጅ አይጠናም። ባለፈው ክረምት ምሳ ይዤለት ስሄድ ሁለቱን በሬዎች መሀል ማሳ አቁሞ፣ ፊቱን ወደ ሞጣ መንገድ አዙሮ ቆሟል። መምጣቴን አላየም።

"ቅሪ!" ይላል ጮክ ብሎ። "አትሄጂም፤ ቅሪ!"

ድምፁ ቁርጥ ያለ ነበር። ምሳውን ዳር ላይ አስቀምጬ እያለቀስሁ ተመለስሁ።