ሦስተኛው አንጓ

ኦዲሎን ዋትሌ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወታል፤ ከሰዓት በሰፈሩ ሰልፍ ላይ ጥሩምባ ይነፋል፤ ሠርግ ካለ አኮርዲዮን፣ ከበሮ መቺው ከቀረ ከበሮውንም ይይዛል። የቤልጂየሟ ከተማ የሊዬዥ ሰው «እሱን ከጠራህ ሌላ አትጥራ» ይላል። ልቡ ግን በልጅነቱ ከእናቱ ሬዲዮ የሰማው የድሮ የፈረንሳይ ዘፈን ላይ ነው። ሦስት አንጓ፣ አንድ አዝማች፣ መጨረሻ ላይ በስሟ የምትጠራ ሴት። የራሱንም ዘፈኖች በዚያው ልክ ይሠራል።

አንድ ልማድ አለው። ልምምድ ላይ ሁለት አንጓ ብቻ ይሰጣል፤ ሦስተኛውን ዘፈኑ ሕዝብ ፊት እስኪቀርብ ለማንም አያሰማም። ሃያ ስድስት ዓመት አብሮት የሠራው ዘፋኝ ሬጂ ኮልሶን በዚህ ይቀልድበት ነበር።

«አንተ ሰው፣ ድንገት ብትሞትብኝ ግማሽ ዘፈን ታቅፌ ልቅር?»

«ቀብሬ ላይ በፉጨት ትጨርሰዋለህ።»

የኦዲሎን ሚስት አሊክስ በመጋቢት ሞተች። በግንቦት ዘፈን ሠራላት፤ የብረት ፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ ካውያዋን አስቀምጣ ወደ መስኮት ስለምትሮጥ ሴት። ሬጂ ሁለቱን አንጓ ሰምቶ አለቀሰ። ለዓመታት ከአሊክስ ማዕድ በልቷል።

በሐምሌ ኦዲሎን በሰፈሩ በጆዚያን ቡና ቤት ድንች ጥብሱን እየበላ ሳለ ዘፈኑ ከሬዲዮ መጣ። ድምፁ የሬጂ ነው። ሁለት አንጓ።

«ግጥሙም ዜማውም የእኔ ነው፤ ለእናቴ የሠራሁት» አለ ሬጂ ከዘፈኑ በኋላ ለሬዲዮ ጋዜጠኛዋ።

ጆዚያን ሬዲዮኑን ዘጋች። «ሌባ!» አለች። «እኔ ብሆን በዚህ መጥበሻ ነበር የምለው።»

ኦዲሎን ደወለለት።

«የሬዲዮ ሰዎች የእናት ታሪክ ይወዳሉ፣ ወንድሜ» አለ ሬጂ። «አንተን ደግሞ ማን ያውቅሃል? ለእመቤታችን ዕርገት በዓል መድረክ ላይ እንጫወተዋለን። ከኋላዬ ትሆናለህ አይደል?»

«እሆናለሁ።»

ሦስተኛው አንጓ ገና በእጁ ነበር።

የእመቤታችን ዕርገት ዕለት መንገዱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሰው የአረቄ መለኪያውን እንደያዘ ይገፋፋል። ሬጂ ሁለተኛውን አንጓ ጨርሶ እጅ ነሳ። ኦዲሎን አኮርዲዮኑን አላቆመም። ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ ብሎ ሦስተኛውን ዘፈነ። አሊክስን በስሟ ጠራት። ጭብጨባው ቀለጠ።

የሬዲዮ ጋዜጠኛዋ መቅረጫዋን ይዛ ወደ መድረኩ ሮጠች። ለሬጂ ነው የዘረጋችው።

«ይሄኛው አንጓ አዲስ ነው! አሊክስ ማናት?»

ሬጂ ኦዲሎንን አየው። ጆዚያን ከመድረኩ ሥር ቆማለች፤ እሷም ኦዲሎንን አየችው።

«እናቴ» አለ ሬጂ።

ጆዚያን ዓይኗን ወደ መለኪያዋ መለሰች።

«የእናቱ ስም ዤርሜን ነበር» አለ ኦዲሎን። «ቀብራቸው ላይ ኦርጋን የተጫወትኩት እኔ ነኝ።»

ጋዜጠኛዋ ግን መቅረጫዋን አጥፍታ ገመዱን እየጠቀለለች ነበር።