ፀጉሬ እስኪደርቅ

ከአዲስ አበባ የመጣች እንግዳዬ «ሮቢት ውስጥ የምትወጂው ቦታ የት ነው?» ስትለኝ ማንጎ ጭማቂ ቤት ወሰድኳት። ዋሸኋት። እዚያ ቁጭ እንዳልን ግን ነፋሱ የእርጥብ አፈርና የሽንኩርት ሽታ ይዞ መጣና የልጅነቴ ቦይ ዳር መለሰኝ።

ልጅ ሳለሁ ከዚያ የመስኖ ቦይ የበለጠ የምወደው ቦታ አልነበረም። ሙቀቱ ሲያንገበግበኝ በድንጋይና በጭቃ እገድበውና ውሃው ደረቴ ሲደርስ እዋኛለሁ። ከታች ውሃ የሚጠብቅ ማሳ መኖሩ ትዝም አይለኝ።

አንድ ቀን እንዲሁ ስንቦጫረቅ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ፣ የውሃ ተራው ደርሶ ማሳው የደረቀበት ገበሬ «ተራዬን ሰረቅክ!» እያለ ጎረቤቱን በአካፋ ይመታዋል። በሁለተኛው ምት አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ሰውዬው ሽንኩርቱ ላይ በአፍጢሙ ተደፋ፤ በደረቀው ትልም ደሙ ወረደ።

ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ጋሼ እንድሪስ ደርሰው «ውሃውን ማን ዘጋው?» ብለው ጮኹ። ዓይናቸው እኔ ላይ ሲያርፍ፣ ከሹሩባዬ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ጠጋ ብለው በቀስታ «ልጄ፣ ፀጉርሽ እስኪደርቅ ማንጎው ሥር ተደበቂ» አሉኝ።

መቺው ታሰረ። ጎረቤቱ በሦስተኛው ቀን ሌባ እንደተባለ ተቀበረ።

«በዚህ ሙቀት የሚዋኝበት ቦታ የለም እንዴ?» አለችኝ እንግዳዬ።

«የለም» አልኳት።

ዛሬም ታጥቤ ፀጉሬ ሳይደርቅ ከቤት አልወጣም።