ያልመጠነው ቤት

አባቴ የቅኔ መምህር ነው። ጎንደር ውስጥ ግን ከቅኔው ይልቅ ምላሱ ይፈራል። ልጅ ሳለሁ ከጉባኤው በር ስር ተለጥፌ ሲያገኘኝ የሚያባርረኝ በአንድ ተረት ነበር፤ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ።» ወንድሜን አስተማረው፤ ወንድሜም ቄስ ሆነ። እኔ ኮምፒውተር ተምሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተበላሸ ማሽን እጠግናለሁ። አባቴ ስለ ሥራዬ ሲጠየቅ «ዕቃ ትፈታለች» ይላል።

ዓይኑ ጠፍቶ አልጋ ላይ ሲውል ዕቃ ፈቺዋ ተፈለገች።

ቅኔ አንዴ ከተቀኙት አይደገምም። ሰሚ በቃሉ ካልያዘው እንደ ወጣ ይቀራል። አባቴ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ከአይከልና ከዛሪማ መጥተው የተማሩ ደቀ መዛሙርቱ በሰጡት ኮምፒውተር ላይ በሁለት ጣቱ እየለቀመ ይጽፈው ነበር። የዕድሜ ልኩ ቅኔ በሙሉ ያለው እዚያ ብቻ ነው። «ሳልሞት አንድ ጊዜ አንብብልኝ» አለው ወንድሜን። የኔ ድርሻ ማውጣት ብቻ ነበር።

ማሽኑ ፍላሽ የሚባል ነገር ሳይታወቅ የተሠራ ነው። ዲስኩን ነቅዬ በሌላ ኮምፒውተር ብሞክረው አልታወቀም። ሲዞርም እንደ ወፍጮ ያጓራል። ለአባቴም ለወንድሜም ነገርኳቸው፤ «አንዴ ከተነሣ ሥራዬን እስክጨርስ እንዳይጠፋ። ከጠፋ አይነሣም።» ከዚያ ፍላሽ የሚቀበል ካርድ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ካርዱ ረጅም ሆነ፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው። ካርዱ ቀና ብሎ እንዳይቆም የኮምፒውተሩ ቤት፣ ያ የዛገ ቆርቆሮ፣ ከላይ ይጫነዋል። መቁረጥ ነበረብኝ።

አባቴ በተኛበት ክፍልና እኔ በምሠራበት መካከል ያለው በር ክፍት ነበር። ለባልደረባዬ ደወልኩ። «ቤቱ አልመጠነም» አልኩት። «ቆርጬ ልጥለው ነው። የዛገ ቤት ለማን ይጠቅማል?»

መጋዙን አነሣሁ። ቆርቆሮው ጆሮ እስኪበጥስ ጮኸ፤ ሌላ ነገር አልሰማሁም። ጠርዙን በሞረድ አለስልሼ ካርዱን ሰካሁና አበራሁት። ዲስኩ አጓርቶ ተነሣ። ማሽኑም ካርዱን አወቀው። ደስ አለኝ፤ ደስ ያለኝም ለአባቴ ብዬ አልነበረም። ለካ ከበሩ ስር ካባረረኝ ጀምሮ ይችን ቀን ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

ቅኔዎቹን መገልበጥ ልጀምር ስል ወንድሜ እያለከለከ ገባ።

«ምነው አንቺ! የአባን ቤት ትቆርጫለሽ?» አለና ገመዱን ከግድግዳው መንጭቆ ነቀለው።

ሁልጊዜ የሚጠፋው መብራት እንኳ ያን ቀን አልጠፋም ነበር። መልሼ አበራሁት። ዲስኩ አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ተረቱ ልክ ነበር፤ በወንድ አለቀ።

«አባ ደውለው አለቀሱብኝ» አለ ወንድሜ። «ቤቱ አልመጠነም፣ የዛገ ነው እያለች ቅኔዬን ትቆራርጠዋለች አሉኝ።»

ያኔ ገባኝ። በቅኔ አንዱ ስንኝ ቤት ይባላል። ለቅኔ መምህር ደግሞ ቤትህ አልመጠነም ከማለት እናቱን መስደብ ይቀላል። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ነገር ሲፈልግ የኖረ ሰው፣ የሴት ልጁን ቃል ሲሰማ አንዱ በቃው። ምን ማለትሽ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ወንድሜም አልጠየቀኝም።

ወንድሜ የቆረጥኩትን ቆርቆሮ አይቶ ፊቱ ጠቆረ። «በራሱ ጊዜ ተበላሸ በያቸው» ብሎ ለመነኝ። «ይሞቱብናል።»

ቆርቆሮውን ይዤ ገባሁ። አባቴ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይጠብቃል። እጁን ከጋቢው አውጥቼ ቆርቆሮውን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩት።

«አባ፣ ቤት ያልኩት ይህንን ነው» አልኩት። «ካርዱ አልገባ ቢለኝ ነው የቆረጥኩት። ወንድሜ ገመዱን ነቀለው። ዲስኩ ሞቷል።»

ጣቶቹ በዝገቱ ላይ ሄዱ፤ በሞረድ ያለስለስኩት ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፈጣን ሰው ነው፤ ሁለቱንም ፍቺ ወዲያው አገኛቸው።

«ስንት ቤት ቀረልኝ?» አለ።

«የያዙት ብቻ» አልኩት።