የአለላ ቀለም ነው የተባለው አበባዬ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አበባዬን እየኮተኮትኩ ሳለ ጎረቤቴ ዘነቡ በአጥሩ ክፍተት ሾልካ ገባች... እጇ ላይ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዛለች። እንዴት አደርሽ እንኳ አላለችኝም። በቀጥታ ወደ አበባዬ!

«ምን ልትሆኚ ነው?» አልኳት።

«እውነቱን ላወጣ ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ መካነ ሰላም ነጩ ጥሩንባ አበባ የሌለበት ግቢ የለም። እጣቢ በሚደፋበት ሁሉ ይበቅላል፣ ዞር ብሎ የሚያየውም የለም። እኔ ግን ደሴ ሄጄ አንዲት አበባ ሻጭ «ሐምራዊም አለው» ብላ ድንች የሚመስል ሥር ሸጠችልኝ። በበልጉ ዝናብ ፍግና አሸዋ ቀላቅዬ ከፍ ያለ መደብ ላይ ተከልኩት። ይኼኛው እንደ ነጩ ውኃ የተኛበት ቦታ አይወድም፣ ይበሰብሳል። ቅጠሉም ይለያል፤ ጠበብ ብሎ ነጭ ነጠብጣብ አለው።

ግንቦት ላይ ሁለት አበባ ፈነዳ፣ ሦስተኛው ገና እንደተጠቀለለ ነበር። ጉሮሯቸው ጋ ሊጠቁር ምንም ያልቀረው ሐምራዊ! ጠዋት ተነስቼ መጀመሪያ የማየው እነሱን ሆነ።

የዘነቡ ልጅ ትዕግሥት ደግሞ በማግስቱ እሑድ ልታገባ ነው። ሙሽራው ዲያቆን ስለሆነ በተክሊል ነው። ገበያችን ላይ ያለው የላስቲክ አበባ ብቻ ነው፤ እሱንም የሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ጨርሶታል። ልጅቷ የእኔን በአጥር አይታ «እማማ፣ ይኼን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ብገባ...» ስትል ሳላስጨርሳት «ያንቺ ነው» አልኳት። ሰው ስፌት ስፊልኝ ሊለኝ እንጂ አበባ ሊለምነኝ መጥቶ አያውቅም። ደስ አለኝ።

እናቷ ግን ሽንኩርት ሊከትፉ የመጡትን ሴቶች ሰብስባ «ነጩን ጥሩንባ የአለላ ቀለም ውስጥ ነክራው ነው» ስትል አድራለች። የስፌት ሣር የምነክርበት ድስት ጓሮዬ ተቀምጦ አይታ ነው።

«ነገ ልጄ ነጭ ለብሳ ነው የምትቆመው» አለችኝ። «ቀለሙ ለቆ ቀሚሷ ላይ ቢፈስ፣ በዚያ ሁሉ ካህን ፊት ምን ልባል ነው?»

«አበባ ቀለም ይለቃል እንዴ?»

«ሲነክሩት ይለቃላ! አንቺ እንደሆን ቀለም ነፍስሽ ነው። በስተርጅናሽ ቀለም ልቁጠር ብለሽ ሀ ሁ ስትይ አልነበር?»

ይቺ ወጋችኝ። ማንበብ ስጀምር ሰፈሩ ሁሉ ሲያሾፍብኝ ድምፁ ከሁሉም በላይ ይሰማ የነበረው የእሷ ነው። ባሏ መሪጌታ ነው፣ እሷ ግን ሀን ከለ አትለይም።

«አዎ ቆጠርኩ! ይኼ አበባ ካላ ሊሊ እንደሚባልም ከስልኬ ላይ ያነበብኩት ቆጥሬ ነው። አንቺ መሪጌታ አግብተሽ...» ልጨርሰው ስል ልጅቷ እየሮጠች መጣች።

«እማዬ! ሰው ግቢ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አብሽሪ፣ ላንቺው ነው።»

አበባውን በጨርቁ ፈተገችው። ምንም የለም። አሁንም ፈተገችው፣ ምንም። ከዚያ ጨርቁን ወደ ውስጥ ከትታ ጠምዘዝ አድርጋ አወጣችና ወደ ላይ አነሳችው።

«ለቀቀ! ይኸው ለቀቀ!»

ሴቶቹ ቢላዋቸውን እንደያዙ ግር ብለው መጡ። ጨርቁ ቢጫ ሆኗል።

«ዘነቡ» አለች አንዷ፣ «አበባው ሐምራዊ፣ የለቀቀው ቢጫ... ይኼ ምን የሚሉት አለላ ነው?»

«መጀመሪያ ቢጫ ነክራ፣ ኋላ ሐምራዊ ደርባበት ነዋ!» አለች ሳታፍር።

«መሐሉ ላይ ጣት መስላ የቆመችውን ነው የነካሽው፤ ንብ የምትወስደው ዱቄት ነው» ብል ማን ይስማኝ! ሁሉም ይሥቃል። ትዕግሥት ብቻ አልሣቀችም።

«ይቅር በቃ፣ እማማ... የላስቲኩን እይዛለሁ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ለራሴ ቢሆን ዝም እል ነበር፣ ለምጄዋለሁ። የልጅቷ ግን አላስቻለኝም። ያን ሲከፈት ላየው ስጓጓ የነበረውን ጥቅልል ቆርጬ ለዘነቡ ሰጠኋት።

«በገዛ እጅሽ ፍቺው። እናቱ ሆድ ገብቼ ነክሬው እንደሆነ እናያለን!»

ፈታችው። ከላይ አረንጓዴ ቢጤ ነው... ወደ ውስጥ ሲገለጥ ሐምራዊ፣ ከዚያም የባሰ ሐምራዊ። ጣቷን በገዛ ነጠላዋ ጠረገችና ነጠላውን አየችው። ምንም አልነካውም።

«እግዜር ነው የነከረው» አለች ቀስ ብላ።

«እሱም አለላ ይነክራል በያ!» አለች ከሽንኩርት ከታፊዎቹ አንዷ። ዘነቡ ራሷ ቀድማ ሣቀች። እኔም ሣቅሁ... ከእሷ ጋር አብሬ የሣቅሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

እሑድ ጠዋት ሁለቱን አበቦች ቆርጬ በሪባን አሰርኳቸው። ዱቄት ያለባትን ጣት ግን ቀድሜ በመቀስ አወጣኋት፤ ቢጫውስ ቀሚስ ያበላሻል። ትዕግሥት ይዛቸው ስትገባ ያላያት ሰው የለም።

ዳሱ ውስጥ ዘነቡ ከአጅባር ለመጡት እንግዶች «ዘሩን ከደሴ ያስመጣነው እኔና እሷ ነን» ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። ሠርግ ነው ብዬ ዋጥ አደረግኩት።

አሁን ከመደቡ ጥግ ከደሴ አብሬ የገዛሁት ሌላኛው ሥር ብቅ ብሏል፤ ሻጯ «ይኼ ጥቁር ነው» ብላኛለች... ሲያብብ ጥላሸት ቀባችው ማለታቸው አይቀርም፤ ይበሉ፣ እኔን ሲቀቡኝ ኖረው የለ!